በደም ሥር በሚሰጡ የልብ መድኃኒቶች ውስጥ የሚገኙ ማሟሚያዎች፦ ሥጋቶቻቸውና ሊደረጉ የሚገቡ ጥንቃቄዎች

ለልብ ሕመም በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ሲታዘዝ ሕሙማንና አስታማሚዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ስለ መድኃኒቱ ስም፣ መጠንና ዋጋ ነው። በአምፑሉ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግን ፈዋሹ ንጥረ ነገር ብቻ አይደለም። ፈዋሹን ንጥረ ነገር አሟሙቶ የያዘ፣ እንዳይበላሽና እንዳይዘቅጥ የሚጠብቅ ሌላ ፈሳሽም አብሮ ይገኛል። ይህ ማሟሚያ በተገቢው መጠንና ፍጥነት ሲሰጥ ለአብዛኛው ሕመምተኛ ጉዳት አያስከትልም። በፍጥነት ሲለቀቅ፣ ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ ወይም ሰውነቱ ሊያስወግደው ለማይችል ሕመምተኛ ሲሰጥ ግን የደም ግፊትን እስከማውረድና የልብ ምትን እስከማዘግየት የሚደርስ ችግር ሊፈጥር ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተገልጋዮች ስለ ጉዳዩ በቂ ግንዛቤ ኖሯቸው ከጤና ባለሙያ ጋር እንዲነጋገሩ፣ ጥንቃቄ እንዲያደርጉና ችግር ሲያጋጥም በወቅቱ እንዲያሳውቁ ማስቻል ነው።

ማሟሚያ ምንድን ነው? ለምንስ ያስፈልጋል?

በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ሙሉ በሙሉ የሟሟ መሆን አለበት። ያልሟሟ ቅንጣት ወደ ደም ሥር ከገባ ደቃቅ የደም ሥሮችን ሊዘጋ ይችላል። ብዙ የልብ መድኃኒቶች በተፈጥሯቸው በውኃ ውስጥ በቀላሉ የማይሟሙ በመሆናቸው አምራቾች ውኃን የሚያግዙ ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ይጨምራሉ። በብዛት የሚታወቁት የሚከተሉት ናቸው።

• ፖሊሶርቤት 80፦ ቅባት ወዳድ የሆኑ መድኃኒቶች ከውኃ ጋር እንዲዋሐዱ የሚያደርግ፣ በባሕርዩ ከሳሙና ጋር የሚመሳሰል ንጥረ ነገር ነው።

• ቤንዚል አልኮል፦ ማሟሟትን ያግዛል፤ ተሕዋስያን እንዳይራቡም ይከላከላል።

• ፕሮፒሊን ግላይኮል፦ ወፈር ያለ፣ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ሲሆን በበርካታ መርፌዎች ውስጥ ይገኛል።

• ኢታኖል፦ በመጠጥ ውስጥ ያለው የአልኮል ዓይነት ሲሆን በአንዳንድ መድኃኒቶች ውስጥ በማሟሚያነት ያገለግላል።

እነዚህ ንጥረ ነገሮች በመድኃኒቱ መግለጫ ወረቀት ላይ «ሌሎች ይዘቶች» በሚል ወይም ተመሳሳይ ርእስ ሥር ይዘረዘራሉ። አንድ ዓይነት ፈዋሽ ንጥረ ነገር የያዙ፣ ነገር ግን በተለያዩ አምራቾች የተዘጋጁ መድኃኒቶች የተለያየ ማሟሚያ ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ የመድኃኒቱ ስም አንድ መሆኑ ይዘቱም በሙሉ አንድ ነው ማለት አይደለም።

ካለፉ አደጋዎች የተገኘ ትምህርት

የማሟሚያ አደገኛነት በዓለም የመድኃኒት ቁጥጥር ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ አንድ ፈሳሽ መድኃኒት ዳይኢታይሊን ግላይኮል በተባለ መርዛማ ማሟሚያ ተዘጋጅቶ በመሸጡ ከ100 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። ፈዋሹ ንጥረ ነገር ቀድሞም በሥራ ላይ የነበረ ሲሆን ለሞት ያበቃው ማሟሚያው ነበር። በቀጣዩ ዓመት አገሪቱ መድኃኒቶች ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት ደኅንነታቸው እንዲረጋገጥ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች።

እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ጨቅላ ሕፃናት ላይ የደረሰ የሞት አደጋ ከቤንዚል አልኮል ጋር የተያያዘ መሆኑ ታወቀ። ሕፃናቱ ቤንዚል አልኮል ያለበትን ፈሳሽ የሚያገኙት በአብዛኛው ቱቦዎቻቸውን ለማጠብና መድኃኒት ለማቅጠን ይውል ከነበረው የጨው ውኃ ነበር። የጨቅላ ሕፃን ጉበት ንጥረ ነገሩን ሰባብሮ ለማስወገድ ገና ያልዳበረ በመሆኑ በደማቸው ውስጥ አሲድ ተጠራቅሞ ትንፋሽ እስከማጠር፣ የደም ግፊት እስከመውረድና እስከሞት አድርሷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 ከገበያ የተነሣ ሌላ በደም ሥር የሚሰጥ የቫይታሚን ኢ ዝግጅትም ከ38 ጨቅላ ሕፃናት ሞት ጋር ተያይዟል፤ ዝግጅቱ ከፍተኛ መጠን ያለው ፖሊሶርቤት ይዞ ነበር።

እነዚህ አደጋዎች የደረሱት በልብ መድኃኒቶች አይደለም። ሆኖም ቤንዚል አልኮልና ፖሊሶርቤት 80 ዛሬም በአንዳንድ የልብ መድኃኒቶች ውስጥ ስለሚገኙ የተገኘው ትምህርት በቀጥታ ይመለከታቸዋል።

አሚዮዳሮን፦ ማሟሚያው ጎልቶ የሚታይበት መድኃኒት

አሚዮዳሮን አደገኛ የልብ ምት መዛባትን ለማከም የሚሰጥ፣ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የተካተተ መድኃኒት ነው። በተለመደው ዝግጅት አንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ 50 ሚሊ ግራም አሚዮዳሮን፣ 100 ሚሊ ግራም ፖሊሶርቤት 80 እና 20 ሚሊ ግራም ገደማ ቤንዚል አልኮል ይይዛል። ይህም ማለት ማሟሚያው ብቻውን ከፈዋሹ ንጥረ ነገር በክብደት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ለአዋቂ ሰው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚሰጠው መጠን በተለምዶ 1,000 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ጋር 2 ግራም ገደማ ፖሊሶርቤት 80 ወደ ሕመምተኛው ሰውነት ይገባል።

በዚህ ዝግጅት ምክንያት የሚከተሉት ችግሮች ሊያጋጥሙ ይችላሉ።

*የደም ግፊት መውረድ።* ይህ በደም ሥር ከሚሰጥ አሚዮዳሮን ጋር በተያያዘ በብዛት የሚታይ ችግር ነው። መድኃኒቱ በአሜሪካ ሲገመገም ከታከሙት 1,836 ሕሙማን መካከል በ288ቱ ወይም በ16 በመቶው ላይ ታይቷል። ችግሩ በዋናነት የሚያያዘው ከመድኃኒቱ ጠቅላላ መጠን ጋር ሳይሆን ከሚሰጥበት ፍጥነት ጋር ነው። ለዚህም ፖሊሶርቤት 80 እና ቤንዚል አልኮል የደም ሥሮችን በማስፋትና የልብን የመኮማተር ኃይል በመቀነስ ድርሻ እንዳላቸው ይታመናል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው 150 ሚሊ ግራም ቀጥኖ ቢያንስ በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ቀሪው ደግሞ በሰዓታት ተከፋፍሎ በዝግታ ይሰጣል።

*የጉበት ጉዳት።* መድኃኒቱ በደም ሥር መሰጠት ከተጀመረ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጉበት መጎዳት የሚታይባቸው ሕሙማን አሉ። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ በኋላ በአፍ የሚወሰደውን አሚዮዳሮን ያለ ችግር ወስደዋል። ይህም ጉዳቱ በደም ሥር ከሚሰጠው ዝግጅት ማሟሚያ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል።

*የደም ሥር መቆጣት።* መድኃኒቱ በእጅ ወይም በክንድ ላይ ባለ ትንሽ የደም ሥር በወፍራሙ ሲሰጥ ሕመም፣ መቅላትና እብጠት ያስከትላል። ስለዚህ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይና በሚሊ ሊትር ከ2 ሚሊ ግራም በላይ የሆነ ውህድ በትልቅ የደም ሥር በተተከለ ቱቦ እንዲሰጥ ይመከራል።

*ከፕላስቲክ ጋር ያለው መስተጋብር።* ፖሊሶርቤት 80 ፒቪሲ ከተባለው ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ የማለስለሻ ኬሚካል የማውጣት ባሕርይ አለው። በመሆኑም ከሁለት ሰዓት በላይ የሚሰጥ አሚዮዳሮን በጠርሙስ ወይም ፒቪሲ ባልሆነ መያዣ እንዲዘጋጅ ይመከራል።

*የጠብታ መጠን መለወጥ።* ማሟሚያው የፈሳሹን ጠብታ ያሳንሳል። በጠብታ ቆጠራ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ሕመምተኛው ከታዘዘለት እስከ 30 በመቶ ያነሰ መድኃኒት ሊያገኝ ይችላል። መድኃኒቱ በመጠን በሚለካ የማስተላለፊያ ፓምፕ እንዲሰጥ የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

ልቡ መምታት ላቆመ ሰው አሚዮዳሮን በፍጥነት የሚሰጥበት የሕክምና መመሪያ መኖሩ ሊታወቅ ይገባል። በዚያ ሁኔታ ሕይወትን የማዳን ጥቅሙ ከማሟሚያው ሥጋት ስለሚበልጥ የዝግታው ደንብ ተፈጻሚ አይሆንም።

ማሟሚያዎቹን በሌላ የተካ የአሚዮዳሮን ዝግጅትም አለ። ሳይክሎዴክስትሪን በተባለ ከስታርች በሚገኝ ንጥረ ነገር የተዘጋጀው ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የተፈቀደ ሲሆን ፖሊሶርቤት 80ም ሆነ ቤንዚል አልኮል የለበትም። ይሁን እንጂ በዝግታ መስጠትና የደም ግፊትን መከታተል ለዚህኛውም ዝግጅት አስፈላጊ ነው።

ሌሎች መድኃኒቶች

*ዲጎክሲን።* ለልብ ድካምና ለልብ ምት መዛባት የሚሰጠው የዲጎክሲን መርፌ በተለመደው ዝግጅቱ 40 በመቶ ፕሮፒሊን ግላይኮልና 10 በመቶ ኢታኖል ይይዛል። አንድ አምፑል በተለምዶ 2 ሚሊ ሊትር ብቻ በመሆኑ የማሟሚያው ጠቅላላ መጠን አነስተኛ ነው። ሆኖም ሁለቱም ፈዋሹም ማሟሚያውም በድንገት ልብ ላይ እንዳይደርሱ ቢያንስ በአምስት ደቂቃ ውስጥ በዝግታ ይሰጣል። በጡንቻ ሲወጋ ከፍተኛ ሕመም ስለሚያስከትል በዚህ መንገድ መስጠት አይመከርም።

*ናይትሮግሊሰሪን።* ለደረት ውጋትና ለልብ ድካም በደም ሥር የሚሰጠው ናይትሮግሊሰሪን በአንዳንድ ዝግጅቶች 30 በመቶ ኢታኖልና 30 በመቶ ፕሮፒሊን ግላይኮል ይይዛል። ከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ ሕመምተኛው በአልኮል የመስከር ምልክት፣ ማለትም እንቅልፍ እንቅልፍ ማለትና ግራ መጋባት ሊያሳይ ይችላል። ከዚህም ሌላ መድኃኒቱ ራሱ በፒቪሲ ቱቦ ግድግዳ ላይ ይቀራል። የቱቦው ዓይነት በመሐል ከተቀየረ ወደ ደም የሚገባው መጠን ሊጨምርና የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል።

*ፊኒቶይን።* ይህ በዋናነት የሚጥል በሽታ መድኃኒት ቢሆንም ቀደም ሲል ለልብ ምት መዛባት ጭምር ያገለግል ነበር። መርፌው 40 በመቶ ፕሮፒሊን ግላይኮልና 10 በመቶ ኢታኖል ይይዛል። በፍጥነት ሲሰጥ የደም ግፊት መውረድና የልብ መቆም ሊያስከትል ስለሚችል ለአዋቂ ሰው በደቂቃ ከ50 ሚሊ ግራም በላይ አይሰጥም።

ፕሮፒሊን ግላይኮል በከፊል በጉበት ተሰባብሮ ወደ ላክቲክ አሲድ ይለወጣል፤ በከፊል ደግሞ ሳይለወጥ በኩላሊት ይወጣል። በብዛት ከተጠራቀመ የደምን አሲዳማነት ይጨምራል፤ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል።

ተጨማሪ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን

• ጨቅላ ሕፃናት፣ በተለይም ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ፤ ቤንዚል አልኮልንም ሆነ ፕሮፒሊን ግላይኮልን ለማስወገድ አካላቸው ገና ብቁ አይደለም።

• ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች።

• የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው።

• የደም ግፊታቸው ቀድሞውኑ ዝቅ ያለ ወይም የልብ ድካማቸው የጠና።

• ከዚህ በፊት ለመርፌ መድኃኒት ወይም ለክትባት አለርጂ ያሳዩ። ፖሊሶርቤት 80 በአንዳንድ ሰዎች ላይ ከባድ አለርጂ ሊቀሰቅስ ይችላል።

• ሜትሮኒዳዞል በመውሰድ ላይ ያሉ ወይም ወስደው ከጨረሱ ሦስት ቀን ያልሞላቸው። ይህ መድኃኒት ከኢታኖልና ከፕሮፒሊን ግላይኮል ጋር ሲገናኝ የማቅለሽለሽ፣ የማስታወክ፣ የፊት መቅላትና የልብ ምት መፍጠን ሊያስከትል ይችላል።

• አልኮል ያቆሙ ወይም በእምነታቸው ምክንያት አልኮል የማይወስዱ። ስለ ጉዳዩ አስቀድመው ለሐኪም ቢገልጹ በቂ ማብራሪያና ካለም አማራጭ ለማግኘት ይረዳቸዋል።

በጤና ተቋም የሚጠበቅ አሠራር

እነዚህን መድኃኒቶች የሚሰጥ የጤና ባለሙያ መድኃኒቱን በትክክለኛው ፈሳሽ ያቀጥናል። ለምሳሌ አሚዮዳሮን የሚቀጥነው በ5 በመቶ ግሉኮስ ሲሆን በጨው ውኃ ሊዘቅጥ ይችላል። ፊኒቶይን ግን በተቃራኒው በጨው ውኃ እንጂ በግሉኮስ አይቀጠንም። የአንዱን ደንብ ለሌላው መጠቀም መድኃኒቱን በቱቦው ውስጥ ወደ ቅንጣት ሊለውጠው ይችላል።

በተጨማሪም የሕመምተኛው የደም ግፊትና የልብ ምት መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊትና በሚሰጥበት ጊዜ ይለካል፤ እንደ ሁኔታውም የልብ እንቅስቃሴ በመከታተያ መሣሪያ ይታያል። የደም ግፊት ከወረደ የመጀመሪያው ርምጃ የመድኃኒቱን ፍጥነት መቀነስ ነው። መድኃኒቱ ለቀናት የሚቀጥል ከሆነም የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ይደረጋል።

ከሕሙማንና ከአስታማሚዎች የሚጠበቅ

1. *የቱቦውን መቆጣጠሪያ አለመንካት።* አስታማሚዎች መድኃኒቱ «ቶሎ እንዲያልቅ» ወይም «እንዳይቆም» በማሰብ የፈሳሹን ፍጥነት ሲለውጡ ይስተዋላል። ለተራ ፈሳሽ እንኳ የማይመከር ይህ ድርጊት ለልብ መድኃኒት ለሕይወት አስጊ ነው። ፈሳሹ የቆመ፣ የፈጠነ ወይም ያለቀ ከመሰለ ነርስ መጥራት ያስፈልጋል።

2. *ሙሉ መረጃ መስጠት።* አለርጂ፣ እርግዝና፣ የጉበትና የኩላሊት ሕመም እንዲሁም በመውሰድ ላይ ያሉ መድኃኒቶች በሙሉ፣ የባህል መድኃኒትን ጨምሮ፣ ለሐኪሙ ሊነገሩ ይገባል።

3. *ከውጭ የተገዛን መድኃኒት ከነማሸጊያው ማስረከብ።* በጤና ተቋሙ ያልተገኘ መድኃኒት ከሌላ መድኃኒት ቤት ሲገዛ አምፑሉን ብቻ ነጥሎ ማምጣት አይገባም። ካርቶኑና መግለጫ ወረቀቱ ስለ ማሟሚያው፣ ስለ ማቅጠኛውና ስለ አሰጣጡ የሚገልጹት ለባለሙያው አስፈላጊ ነው። የአምራቹ ስም ከዚህ በፊት ከተሰጠው የተለየ ከሆነም ለባለሙያው ማሳየት ተገቢ ነው።

4. *ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ብቻ መግዛትና ደረሰኝ መያዝ።* የማሟሚያ ጥራት ጉድለት በዓይን አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ በመርዛማ ግላይኮሎች የተበከሉ የልጆች ሽሮፖች ከበርካታ ሕፃናት ሞት ጋር በመያያዛቸው የዓለም ጤና ድርጅት ማስጠንቀቂያ ማውጣቱ ይታወሳል። በሻንጣ የገቡ ወይም በማኅበራዊ መገናኛ የሚሸጡ መድኃኒቶች በቁጥጥር ያላለፉ በመሆናቸው ሊገዙ አይገባም።

5. *መጠየቅ።* «ይህ መድኃኒት በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ይሰጣል?»፣ «የትኞቹን ምልክቶች ልከታተል?»፣ «ለሕፃኑ የሚስማማ ዝግጅት ነው?» ብሎ መጠየቅ የሕመምተኛው መብት ነው።

6. *መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ አለመከልከል።* የልብ ምት መዛባትና የልብ ድካም ሳይታከሙ ሲቀሩ የሚያደርሱት አደጋ በጥንቃቄ ከሚሰጥ መድኃኒት ማሟሚያ እጅግ የከፋ ነው። ሥጋት ያለው ሰው ሥጋቱን ለሐኪም ማቅረብ እንጂ ሕክምናውን ማቋረጥ የለበትም።

በአስቸኳይ ነርስ ወይም ሐኪም ሊጠራባቸው የሚገቡ ምልክቶች

መድኃኒቱ በመሰጠት ላይ እያለ ወይም ከተሰጠ በኋላ፦

• ማዞር፣ ዓይን መጨለም፣ ራስን መሳት ወይም ቀዝቃዛ ላብ፤

• የትንፋሽ ማጠር፣ በተለይ በጨቅላ ሕፃን ላይ ማቃተት ወይም አየር ለማግኘት መታገል፤

• የከንፈር፣ የፊት ወይም የጉሮሮ እብጠት፣ ሽፍታና ማሳከክ፤

• ያልተለመደ እንቅልፍ ወይም ግራ መጋባት፤

• መርፌው በተተከለበት ቦታ ማቃጠል፣ መቅላት ወይም እብጠት፤

• የሽንት መቀነስ፣ የዓይን ወይም የቆዳ ቢጫ መሆን።

ችግር ሲያጋጥም የት ማሳወቅ ይቻላል?

በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የመድኃኒት ደኅንነትን የመከታተልና የመቆጣጠር ኃላፊነት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። መድኃኒት ያስከተለው ያልተጠበቀ ጉዳት ሲኖር በመጀመሪያ ሕክምናውን ለሰጠው ባለሙያ ማሳወቅ ይገባል። ባለሙያው ክስተቱን በቢጫው የሪፖርት ቅጽ ሞልቶ ለባለሥልጣኑ ያስተላልፋል። ተገልጋዮች በራሳቸውም በባለሥልጣኑ ነፃ የስልክ መስመር 8482 ጥቆማ መስጠት ይችላሉ።

ሪፖርቱ ጠቃሚ እንዲሆን የመድኃኒቱ ስም፣ የአምራቹ ስም፣ የመለያ ቁጥሩ፣ የማብቂያ ጊዜው፣ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት እንዲሁም የታየው ምልክት መገለጽ አለባቸው። ስለዚህ ባዶው አምፑልና ማሸጊያው ቶሎ እንዳይጣሉ ለባለሙያው ማሳሰብ ያስፈልጋል። ሪፖርት ማድረግ ባለሙያን ለመክሰስ የሚደረግ ተግባር አይደለም፤ ተመሳሳይ ችግር በሌላ ሕመምተኛ ላይ እንዳይደርስ የሚያግዝ ነው። ጉዳቱ በእርግጥ ከመድኃኒቱ የመጣ መሆኑ እስኪረጋገጥ መጠበቅም አያስፈልግም፤ ጥርጣሬ መኖሩ ለማሳወቅ በቂ ምክንያት ነው።

ማጠቃለያ

በደም ሥር የሚሰጡ የልብ መድኃኒቶች የብዙዎችን ሕይወት የሚታደጉ ናቸው። በውስጣቸው ያለው ማሟሚያ የሚያስከትለው ሥጋት በአብዛኛው በሦስት ነገሮች ይወሰናል፦ በሚሰጥበት ፍጥነት፣ በጠቅላላ መጠኑና በሕመምተኛው የማስወገድ ዐቅም። ፍጥነቱን መቆጣጠር፣ መጠኑን ማስላትና የደም ግፊትን መከታተል የባለሙያው ድርሻ ነው። የጤና ታሪክን በግልጽ መናገር፣ ማሸጊያውን መጠበቅ፣ የቱቦውን መቆጣጠሪያ አለመንካትና ለውጥ ሲታይ ሳይዘገዩ መጥራት ደግሞ የሕመምተኛውና የአስታማሚው ድርሻ ነው። ይህ መረጃ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ በመሆኑ የሐኪምን ምክር አይተካም።